ማስካችንን ቆጥረው ይረከቡን ለነበሩት ክቡር እጩ

ለክቡር እጩ ተወዳዳሪያችን፣ ለቀድሞው የክር ፋብሪካችን ሥራ አስኪያጅ፣ ወይም ሰሞኑን እንዳረሙን ለቀድሞው አማካሪያችን፤

ከራስ ጠጉርዎ እስከ እግር ጥፍርዎ ጤናዎ የተሟላ፣ ድምፅዎ በየስብሰባው የማይሻክር፣ ቤተሰብዎም ሰላም እንዲሆን ከልብ እየተመኘሁ ይህን ደብዳቤ በታላቅ አክብሮት አቀርባለሁ። ጤና ካነሳሁ አይቀር ግድግዳ የምንጋራትን የጎረቤቴን የቀጮን ወሬ ላስቀድም። ረስተዋት እንደሆነ፣ ፈትል ክፍል ውስጥ በሦስተኛው ረድፍ ከእኔ ቀጥላ ትቆም የነበረችው ናት። ያኔ ለጨዋታ ቀጮ አልናት፤ ዛሬማ ከመክሳቷ የተነሳ ስሙም አንሷታል። ባለቤቷ ደህና ነው፣ ትልቋ ልጇም በሰላም ተገላግላ ሴት ልጅ ታቅፋለች። አያቲቱ ግን የልጅ ልጇን ገና ጠግባ አልታቀፈችም። ሕፃኗን በተቀበለች ቁጥር ሳሏ ይነሳባትና ልጅቱ ደንግጣ ታለቅሳለች፤ ስለዚህ በር ላይ ቆማ በሩቁ እሽሩሩ ትላታለች። እኛም ከግድግዳው ወዲህ ሳሏን ስንሰማ ከባለቤቴ ጋር እንተያያለን።

ሐኪሞቹ ሳንባዋ ውስጥ የገባው የጥጥ ብናኝ ነው ብለዋታል። በሥራቸው ምክንያት የታመሙ ሰዎች ብቻ የሚታከሙበት ክፍል አለ አሉ፤ እዚያ ለመግባት ግን የት ክፍል፣ ስንት ዓመት፣ በምን ሁኔታ እንደሠራች የሚገልጽ፣ በጊዜው ፋብሪካውን ይመራ በነበረ ሰው የተፈረመ አንድ ገጽ ወረቀት ያስፈልጋታል። ቀጠሮዋ የዛሬ ሁለት ሳምንት ነው። ፋብሪካው ተዘግቷል፣ ፋይሎቹ የት እንደገቡ የሚያውቅ የለም፣ የቀሩን እርስዎ ብቻ ነዎት። ይህን ያህል ተፈላጊ ሰው በመሆንዎ እንኳን ደስ ያለዎት።

እንግዲህ ወደ ቅሬታዬ ልለፍ። ቅሬታ ስል ምስጋናም ተቀላቅሎበታልና እየለዩ ያንብቡልኝ።

አንደኛ፦ ፎቶዎ ያለበት ወረቀት በየሱቁ በር ላይ ተለጥፏል። አምሮብዎታል። ከሥሩ «ስምንት መቶ ሠራተኞችን ለዐሥራ አንድ ዓመት በብቃት የመሩ» ይላል። ቀጮ ይህን ያነበበች ዕለት ደስታዋን አልቻለችውም፤ «አንቺ ውጪ! ሰውየው ተገኙልን!» እያለች ነው በሬን የደበደበችው። ታዲያ ባለፈው ቅዳሜ በአዳራሹ ስብሰባ ላይ ተነስታ ስለ ብናኙ አውርታ ወረቀቱን እንዲፈርሙላት ስትጠይቅዎ፣ «በወቅቱ የነበረኝ ሚና የማማከር ብቻ ነበር፤ የዕለት ተዕለቱን ሥራ አላውቀውም» አሉ። እኔ ከስድስተኛ ክፍል የቀረሁ ሰው ነኝና ባይገባኝ አይፍረዱብኝ። ሱቁ በር ላይ የሚመሯቸውን ስምንት መቶ ሰዎች፣ አዳራሹ ጋ ሲደርሱ ለማን አስረከቧቸው? መንገዱ እኮ የአምስት ደቂቃ ነው።

ሁለተኛ፦ ስለ ማስኮቹ አመሰግናለሁ። ይህን ደብዳቤ የማያውቁን ሰዎችም ያነቡታልና ላስረዳ። ፈትል ክፍል ውስጥ ብናኙ እንደ ጉም ነው፤ ገና በሃያ ዓመታችን ቅንድባችን ሸብቶ ነበር ከሥራ የምንወጣው። ማስክ የሚታደለን ግን እንግዳ ሲመጣ ብቻ ነበር። እንግዳው ተሸኝቶ መኪናው ከግቢ ሲወጣ፣ የዕቃ ግምጃ ቤቷ ሴትዮ ካርቶን ይዛ በሩ ላይ ትቆማለች፣ እርስዎ አጠገቧ ሆነው «እንዳይጎድል፣ እንዳይጎድል» እያሉ ቆጥረው ይረከቡናል። ማስኮቹ ቁጥር ነበራቸው፤ የእኔ አርባ ሦስት ነው። በሌላው ፈረቃ አርባ ሦስት ቁጥርን የምታደርገው ሴት የከንፈር ቀለም ስለምትወድ፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር እኔም ሳላውቀው ተኳኩዬ ቤቴ እገባ ነበር። ባለቤቴ «ዛሬ ደግሞ ሠርግ ነበር እንዴ?» እያለ ስንት ቀን አኩርፏል። መቼም አንድ ማስክ እንኳ ጠፍቶ አያውቅም። በማማከር ብቻ ይህን ያህል ከተጉ፣ ሥራ አስኪያጅ ቢሆኑማ ኖሮ እንዴት ሊሆኑ ነበር!

ሦስተኛ፦ ይኼኛው ቅሬታ ሳይሆን ይቅርታ ነው። ማሽኖቹ ሲጮሁ ጎን ለጎን ቆመን እንኳ ስለማንሰማማ የምናወራው በእጅ ነበር። ሆድን መንካት ምሳ ደረሰ ነው፤ ጆሮን መጎተት ተቆጣጣሪዋ ዛሬ አመል የላትም ነው፤ መዳፍን አፍንጫ ላይ መክደን ደግሞ ሥራ አስኪያጁ እንግዳ ይዘው እየመጡ ነው፣ ማስክ አድርጊ ማለት ነው። ቅዳሜ ዕለት እርስዎ ሰዎችዎን አስከትለው በአዳራሹ በር ብቅ ሲሉ፣ ፊት ወንበር ላይ የነበረችው ሳታስበው መዳፏን አፍንጫዋ ላይ አደረገች። ያየቻት ተከተለች፣ እሷን ያየች ደግሞ ተከተለች፤ ይኸው አርባ የምንሆን ሴቶች አፍንጫችንን ይዘን ተቀበልንዎ። እርስዎ ቀስ ብለው የኮትዎን ብብት ሲያሸቱ፣ አጃቢዎም ሮጦ መስኮት ሲከፍት አየን። ኧረ በፈጠረዎት አይቀየሙን! ምንም አልሸተቱም፤ እንዲያውም ሽቶዎ እስከ ኋላ ወንበር ድረስ ይጣራ ነበር። ያሳጣን እጃችን ነው። ስንት ዓመት አልፎም እጃችን እርስዎን አልረሳም። ለአማካሪ ደግሞ ምንም ምልክት አልነበረንም፤ ቢኖረን ኖሮ ቅዳሜ እሱን በሠራን።

አራተኛውን ስጽፍ ትንሽ ከብዶኛል። አንድ ጊዜ የጤና ተቆጣጣሪ መጥቶ ከነማስኬ ፊቴ ቆመና «ይህን በየቀኑ ነው የምታደርጉት?» አለኝ። እርስዎ ከኋላው ሆነው ፈገግ አሉልኝ። እኔም «አዎ፣ በየቀኑ» አልኩ። ቀጮ አጠገቤ ነበረች፤ ከማስኩ በላይ ዐይኗ ብቻ ነበር የሚታየው፤ አየችኝ። እንጀራዬን ፈርቼ ዋሸሁ። ትናንት ሄጄ ይቅርታ ስጠይቃት «ሂጂ ወዲያ፣ አራት ልጅ ነበረብሽ እኮ» ብላ በሳል መሃል ሳቀችብኝ። ይኸው በአደባባይ ጻፍኩት። የእኔ ድርሻ ይህ ነው፤ ጽፌ ፈረምኩ፣ አልሞትኩም።

የእርስዎ ድርሻ ደግሞ ከዚህ ያጥራል፦ ፈትል ክፍል፣ ዐሥራ አራት ዓመት፣ ዐሥራ አንዱ በእኔ ጊዜ፣ ያለ ማስክ። ከሥሩ ስምና ፊርማ። በቃ። ይህን ካደረጉ፣ ቀልዴን አይደለም፣ ድምፄን ለእርስዎ እሰጣለሁ፤ አርባዎቹንም አሳምኜ አስከትላለሁ። ያደረገውን እኔ ነኝ ያደረግኩት የሚል ሰው መምረጥ አምሮኝ ኖሬአለሁ። እምቢ ካሉም አልቀየምዎትም፤ ፎቶዎን ባየሁ ቁጥር ሰላምታዬን አላቋርጥም።

ጊዜዎን በመሻማቴ ይቅርታ እየጠየቅኩ፣ ከዘመቻው ድካም መልስ ጥሩ እንቅልፍ እንዲወስድዎ ከሚመኝ ልብ የመነጨ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ።
የቀድሞ የፈትል ክፍል ሠራተኛ፣ የአራት ልጆች እናት፣ የቀጮ ጎረቤት

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ፖስታ ውስጥ ሳልከተው ሾፌርዎ ጎራ ብሎ ነበር። ጨዋ ሰው ነው፤ ጫማውን ጠርጎ ነው የገባው። ቀጮም እኔ ዘንድ ተቀምጣ ነበር። «ጋሼ ሰላም ብለዋችኋል፤ ወረቀቱን ምርጫው ካለፈ በኋላ ይፈርሙታል፣ እስከዚያ ታገሡኝ ብለዋል» አለን። ምርጫው የዛሬ ሁለት ወር ነው። ቀጮ ሳሏ እስኪያልፍላት ደረቷን ይዛ ቆየችና፣ «እሺ ብላለች በልልኝ የኔ ልጅ። አንድ ነገር ብቻ ጠይቅልኝ፤ እየተነፈስኩ ነው የምጠብቃቸው ወይስ ሳልተነፍስ?» አለችው።