አሥራ ሁለት ሰው ጎደለ

ውድ ተማሪዬ፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ ያለ እሱ ስለማይጀመር ነው እንጂ፣ ባለፈው ወር ከወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት፣ ከቢሮህ ስወጣ፣ ዳግመኛ ስምህን ላልጠራ ምዬ ነበር።

ጤና ኬላ እንድትፈቅድልን የመንደራችንን የቆጠራ መዝገብ ይዤልህ ነበር የመጣሁት። ቤት ለቤት በእግሬ ዞሬ የቆጠርኩት ነው፤ 4,988 ሰው። አንተ ጥርስህን በስቴኪኒ እየጎረጎርክ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰንጠረዥ አሳየኸኝ። ለጤና ኬላ አምስት ሺህ ነዋሪ፣ ለጤና ጣቢያ ሃያ አምስት ሺህ፣ ለሆስፒታል መቶ ሺህ።

«አሥራ ሁለት ሰው ይጎድላል፣ ጋሼ።»

«ለአሥራ ሁለት ሰው ብለህ እስከ ጤና ጣቢያ የአራት ሰዓት መንገድ ትፈርድብናለህ?»

«ምን ላድርግ? እርስዎስ በአርባ ዘጠኝ ጥለውኝ የለ!» ብለህ ሳቅክ። ጸሐፊህም ሳቀች።

እውነት ነው፣ በአንድ ማርክ ጥዬሃለሁ። ከዚያ በኋላ ግን ክረምቱን ሙሉ ቤቴ እያስመጣሁ ክፍልፋይ አስተማርኩህ፤ ደግመህ ተፈትነህ ሰባ አንድ አመጣህ። ይህችን ረሳሃት። እኔ በመስፈርቱ ማን እርዳታ እንደሚሻ ለየሁበት፤ አንተ በር ዘጋህበት።

ስቆጥር ፀጉር አስተካካያችን «ጋሼ፣ ፍየሎቹንም ይመዝግቧቸው እንጂ! ሰንጠረዥ እንደሆነ ጭራ አያይም» ብሎኝ ተቆጥቼዋለሁ። ከተማ የገቡትን አሥራ ሰባት ወጣቶችም በቀይ እስክሪብቶ ሰረዝኳቸው። ያኔ በራሴ ኮርቼ ነበር። ዛሬ በዚያ ኩራቴ አፍራለሁ።

ሳቂታን ታስታውሳታለህ? ላጲሷን ለሁለት ቆርሳ የሰጠችህ፣ ከጎንህ የምትቀመጠው? ማክሰኞ ቤቷ ወለደች፤ ደሟ ግን አልቆም አለ። ጎረምሶቹ በቃሬዛ ይዘዋት ሮጡ፣ እኔም ከኋላ ከኋላ። ግማሽ መንገድ ላይ «ጋሼ፣ በረደኝ» አለችኝ። ኮቴን ደረብኩላት። ጤና ጣቢያ ስንደርስ አዋላጇ ዓይኗን ገልጣ አየችና «ወዲያው አንድ መርፌ ብትወጋ ኖሮ...» ብላ ኮቴን ስባ ፊቷን ሸፈነችው። ያ መርፌ ከጤና ኬላ የማይጠፋ ነው።

ዛሬ መዝገቡን አስተካከልኩ። ከቆጠራው ወዲህ አሥራ አራት ተወልደዋል፤ የመጨረሻዋ የሳቂታ ልጅ ናት። ሦስት ሞተዋል። 4,999 ሆነናል።

ፀጉር አስተካካዩ «አንድ ስም ብቻ!» እያለ እስክሪብቶውን ከእጄ ሊነጥቀኝ ታገለ። አልጨምርም። የጎደለችውን ታውቃታለህ።

መዝገቡን ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ። ይዘኸው ና። የሳቂታ እናት ሕፃኗን አቅፋ ደጃፍ ላይ ነው የምትውለው። «አንድ ሰው ይጎድላል» ብለህ አንተው ንገራት።

በአርባ ዘጠኝ የጣለህ፣
መምህርህ