ስድስተኛው ነጥብ

ይድረስ ለማከብርዎና ለምወድዎ ወንድም ጋሼ፤

እንዴት ከርመዋል? ወገብዎስ ተሻለዎት? ሐኪሙ ከስፌት መኪናው እየተነሡ ይንቀሳቀሱ ያለዎትን ይሰማሉ፣ ወይስ እንደ ልማድዎ “ይቺን እጅጌ ብቻ ልጨርስ” እያሉ ያመሻሉ? እማዬስ? እትዬስ? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኔ ደህና ነኝ። ተናድጃለሁ እንጂ ደህና ነኝ፤ ንዴት ደግሞ እንደሚስማማኝ ያውቃሉ።

መልእክትዎ ደርሶኛል። “አለቃሽን ይቅርታ ጠይቂ፤ እሺ ይበልጣል ከሺ” ብለውኛል። ነገሩን ከአጎታችን ልጅ በግማሽ ስለሰሙ ሙሉውን ልንገርዎና ይፍረዱ።

ከመሥሪያ ቤት ሥራዬ ውጪ ከሁለት ሰዎች ጋር የሠራሁት ፕሮግራም አለ። አንዱ ጡረታ የወጣ የሒሳብ አስተማሪ ነው፣ ሌላዋ ነርስ ናት፤ ሁለቱንም በአካል አግኝቻቸው አላውቅም። ፕሮግራሙ ተከታታይ ቁጥሮች ሲሰጡት የሚያያይዛቸውን ቀመር ይገምታል። ሁለት፣ አራት፣ ስድስት ቢሉት ቀጥሎ ስምንት ነው ብሎ ቀመሩን ይጽፋል፤ የከበዱትንም ይሞክራል። በነጻ ነው፤ ውስጡም ለሁሉም ክፍት ስለሆነ የፈለገ ገልጦ ያየዋል፣ ያርመዋል። ከእያንዳንዱ ውጤት በላይ ግን አንድ ቃል አስቀምጠናል፦ “ግምት”።

መሥሪያ ቤታችን ይህንኑ ወስዶ፣ አሳምሮ ለደንበኞች ይሸጣል። ይሽጥ፣ ፈቅደናል። ታዲያ እነሱ “ግምት” የሚለውን ፍቀው “መልስ” ብለውታል። አንድ ደንበኛ ነጻውን አይቶ “ለካ ግምት ነው የምትሸጡልኝ!” ብሎ መጣ። አለቃዬ፣ በሌለበት “እርግጠኛው” የምንለው፣ ጠራኝና ቃሉን ከነጻውም ላይ አውጪው አለኝ። እውነት የሆነውን ለምን አወጣለሁ ስለው ደንበኛው ፊት ሳቀብኝ። “አምስት ጊዜ የተሳካለት ስድስተኛው ምን ያቅተዋል?” አለ።

ይሄኔ ብድግ ብዬ ሰሌዳው ላይ ክብ ሣልኩ። እርስዎም በልብስ ጠመኔዎ ይሞክሩት፤ ሳህን ደፍተው ዙሪያውን ያስምሩ። ጠርዙ ላይ አንድ ነጥብ ብቻ ካለ ክቡ እንዳለ አንድ ነው። ሁለት ነጥብ አድርገው በመስመር ቢያገናኙ ለሁለት ይከፈላል። ሁሉንም ከሁሉም እያገናኙ ሲሄዱ በሦስት ነጥብ አራት፣ በአራት ስምንት፣ በአምስት ዐሥራ ስድስት ቦታ ይከፈላል። ብቻ ክቡ ውስጥ ሦስት መስመር አንድ ቦታ ላይ እንዳይገናኝ ይጠንቀቁ። በስድስተኛውስ? “ሠላሳ ሁለት!” አለ እርግጠኛው፣ ማንም ሳይጠይቀው። የሚሸጡት ፕሮግራምም “መልስ፦ ሠላሳ ሁለት” አለ። ቆጠርነው። ሠላሳ አንድ ነው። ደንበኛው አላምን ብሎ በጣቱ ደገመው፤ ከዚያ ቦርሳውን አንሥቶ ወጣ።

ጥፋቴ ይኸው ነው። እስከ ነገ ሰኞ ቃሉን አውጥቼ ይቅርታ ካልጠየቅሁ እሰናበታለሁ። ሥራው ከሄደ የመኖሪያ ፈቃዴም አብሮት ይሄዳል። አልዋሽዎትም፣ ፈርቻለሁ። ግን አላወጣውም! እርስዎ የሰው ቁመና በዓይን አይተው ልኩን ይናገራሉ፣ ብዙ ጊዜም አይስቱም። ሆኖም ሙሽራ ቸኩሎ ቢቆጣዎ እንኳ በሜትር ሳይለኩ ጨርቅ ቆርጠው ያውቃሉ? ታዲያ እኔን ሳትለኪ ቁረጪ ይሉኛል?

አልተቀየምኩዎትም። ዝም በይ ሲሉኝ እሺ፣ ይህን ተማሪ ሲሉኝ እሺ፣ ሂጂ ሲሉኝም እሺ ብዬ የኖርኩ ነኝና ቀጣዩም እሺ ነው ብለው ገመቱ። ጥሩ ግምት ነበር። ይህኛው ግን ሠላሳ አንድ ነው።

እትዬን ሁለቱንም ጉንጮቿን ይሳሙልኝ። ለልጆቹ ክቡን አስምረው ይስጧቸው፣ ይጣሉበት። እማዬን ደግሞ ልጅሽ ሳይታሰብ ልትመጣ ትችላለች ብለው ቀስ አድርገው ያለማምዱልኝ። ከመጣሁ ሱቅዎ ተቀምጬ ቁልፍ እተክላለሁ፤ ሜትሯን ግን ማንም ከእጄ አይወስዳትም።

እምቢ ያለችው እህትዎ

ከተከራየኋት ሦስተኛ ፎቅ ክፍል፣ እሁድ፣ ሚያዝያ 12 ቀን