ያልሰጠሁት ድምፅ

ጥቅምት 4

አራት ዚፕ ቀየርኩ፣ አንድ ቀሚስ አጠበብኩ። የቀሚሱ ባለቤት "ከስቻለሁ" ብላኝ ነበር… ስትለካው ትንፋሽ አጠራት። ሳቄን ዋጥ አድርጌ መልሼ ፈታሁት።

ከሰዓት በኋላ ጋሼ ብቅ አለ። ታላቅ ወንድሜ የኅብረት ሥራ ባንካችን ቦርድ ከገባ ወዲህ እግሩ ጠፍቶ ነበር። ወረቀት ታቅፎ መጣ።

"የአባላት አድራሻ ማደሻ ነው። ሴቶቹን አስፈርሚልኝ። እኔ ብሄድ ሰበብ ያበዛሉ፤ አንቺን ግን ያምኑሻል።"

ደስ አለኝ። እውነቱን ልጻፍ… ኮራሁ። የራሴን ወዲያው ማሽኑ ላይ አስደግፌ ፈረምኩ። አላነበብኩትም። የወንድምን ወረቀት ማን ያነባል?

ጥቅምት 9

አሥራ ሰባት ሴት አስፈረምኩ። ሁሉም የባንኩ አባል፣ ሁሉም ደንበኞቼ። የጠየቀችኝ እንቁላል ሻጯ ብቻ ናት። ማንበብ አትችልም።

"ምን ይላል?"

"አድራሻ ነው።"

"እንግዲህ አንቺ ካልሽ ይሁን።"

አውራ ጣቷን ይዤ ቀለም ነክሬ ወረቀቱ ላይ ጫንኩላት። "ቀስ! ጣት ነው፣ የኮት ቁልፍ አይደለም" ብላ አሳቀችኝ።

ጥቅምት 10

ጋሼ ወረቀቶቹን ወሰደ። ግንባሬን ሳመኝ።

ጥቅምት 21

ጡረታ የወጡት ነርስ የኮታቸው ገበር ተቀዶ መጡ። ወሬም ይዘዋል።

"አልሰማሽም? በጠቅላላ ጉባኤው ደንቡን ሊለውጡት ነው። እስከ ዛሬ አንድ አባል አንድ ድምፅ ነበር። አሁን በዕጣ ብዛት ይሁን ይላሉ። መቶ ዕጣ የገዛ መቶ ድምፅ፣ እንዳንቺ ሦስት ያላት ሦስት።"

ስንጀምር ባንኩ አንድ ክፍል ነበር። ወንበር ከየቤታችን ይዘን ነው የተሰበሰብነው። ባለ ፎቁም አንድ እጅ አወጣ፣ እኔም አንድ እጅ…

ለጋሼ ደወልኩ። "የሰፈር ወሬ ነው፤ ተይው" አለኝ።

ወሬም ይሁን እውነት እሄዳለሁ። እቃወማለሁ። ሴቶቹም እንደዚያው ብለዋል።

ኅዳር 2

ዛሬ ጉባኤው ነበር። በተራ ልጻፈው።

አዳራሹ በር ላይ መዝጋቢው ስሜን ፈለገ። "እህቴ፣ የድምፅ ካርድ የለዎትም። ድምፅዎን በውክልና ሰጥተዋል።"

"ለማን?"

ወረቀቱን አዞረልኝ። ከላይ አድራሻዬ። ከታች በደቃቅ ፊደል… በጉባኤው ድምፅ እንዲሰጥልኝ ወክያለሁ። የጋሼ ስም። ፊርማው የኔ።

እንቁላል ሻጯ ከኋላዬ፣ "የኔስ?" አለች።

የሷም። የሁላችንም። አንድ ሰው ከሦስት በላይ መወከል ስለማይችል ለጓደኞቹ አከፋፍሎናል። እንደ ጨርቅ ቁራጭ።

"ውክልናዬን አንስቻለሁ፣ ሰርዘው" ብለው መዝጋቢው፣ "ከሦስት ቀን በፊት በጽሑፍ ማሳወቅ ነበረብዎት" አለኝ።

ጋሼ መድረኩ ላይ ነበር። አየኝ። ብርጭቆውን አንስቶ ውሃ ጠጣ።

ከሦስት መቶ ድምፅ ሁለት መቶ ያስፈልጋቸው ነበር። ሁለት መቶ ዘጠኝ አገኙ። የኛ አሥራ ስምንት ባይኖርስ?

በቃኝ።

ኅዳር 3

እጅጌ ገልብጬ ሰፋሁ። ሁለት ጊዜ።

ኅዳር 5

ቤቱ ሄድኩ። ሚስቱ በሩን ከፍታልኝ ጓዳ ገባች፣ አልወጣችም።

"ለምን?" አልኩት።

"ላንቺም ይጠቅማል። ትልልቅ ባለዕጣ ካላስገባን ባንኩ አያድግም።"

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?"

"ብነግርሽ እምቢ ትዪ ነበራ።"

ተሳስቶ ቢሆን ይቅር እለው ነበር። እምቢታዬን አውቆ ነው እሺ ብሎ ያስቆጠረው።

"አባታችን ሲሞት ማን ነው ያሳደገሽ?" አለኝ በመጨረሻ።

እሱ ነው። የመጀመሪያ ማሽኔን የገዛልኝም እሱ ነው። ያም እውነት፣ ይሄም እውነት… የቱን ልያዝ?

ኅዳር 8

እንቁላል ሻጯ ሰላም ሳትለኝ በሱቄ በር አለፈች። ሮጬ ያዝኳት።

"ዋሽቶኝ ነው እኮ!"

"ወንድምሽን አላውቀውም። ጣቴን የያዝሽው አንቺ ነሽ።" የእንቁላል ቅርጫቷን አስተካከለችና፣ "ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ። ያንቺ ፈረስ እሱ፣ የኔ ፈረስ አንቺ።"



ኅዳር 12

ነርሷ አጣርተው መጡ። ኅብረት ሥራዎችን የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት አቤቱታ ይቀበላል።

"ግን ወረቀቱን ማን እንዳመጣው፣ ምን ብሎ እንዳመጣው በእጅሽ መጻፍ አለብሽ። ትችያለሽ?"

"ወንድሜ ነው እኮ።"

"እሱማ ነው" አሉ።

ኅዳር 16

ጻፍኩት። ስሙ ጋ ስደርስ እስክሪብቶዬን አስቀምጬ የሰው ሸሚዝ ተኮስኩ። ተመልሼ ጨረስኩት።

ከዚያ ቤት ለቤት ዞርኩ። ለእያንዳንዷ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩላት። ሁለቱ በር አልከፈቱልኝም። እንቁላል ሻጯ ሁለቴ አስነበበችኝ።

"ቀለሙን አምጪው" አለች። ልይዝላት ስል እጇን ሸሸት አደረገች። ራሷ ጫነች።

ታኅሣሥ 20

ውሳኔ መጣ። በማታለል የተወሰደ ውክልና አይጸናም፣ ጉባኤው ይደገም። ጋሼ ከቦርዱ ታግዷል።

ነርሷ ደውለው እንኳን ደስ አለሽ አሉኝ። እኔ ግን ምሳ አልበላሁም።

ጥር 11

ካርዴን በእጄ ይዤ ገባሁ። "የሚቃወም" ሲባል ከሁሉ ቀድሜ አነሳሁት። ለውጡ መቶ ሰማንያ አራት ብቻ አገኘ፤ ወደቀ። አንድ አባል አንድ ድምፅ ይቀጥላል። እንቁላል ሻጯ አጠገቤ ተቀመጠች። ብዙ አላወራችም፣ ግን ተቀመጠች።

ጋሼ ኋላ፣ ከተራ አባላት መሃል ነበር። "የሚደግፍ" ሲባል ካርዱን አነሳ። በግልጽ። ያኔም እንዲህ ቢያደርግ ምን ነበረበት?

ስንወጣ በር ላይ ተገጣጠምን። ከስቷል። የኮቱ ትከሻ ወርዶበታል።

"ደኅና ነሽ?" አለኝ።

"ደኅና ነኝ። እርስዎስ?"

ሁለታችንም ቆምን። አፌን ከፈታሁበት ጊዜ ጀምሮ "አንተ" ብዬው ነው የማውቀው። አስቤው አይደለም… እንዲሁ ነው የወጣው። ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁ።

አላረምኩትም።