ስልክዎን እንዳያጠፉብኝ

ጋሼ ፎርማን፣

ዲፕሎማዬን ላስተረጉም እየሮጥኩ ነው። ስልክዎን ቻርጅ ላይ ሰክቼዋለሁ፤ አፈር ስሆን እንዳያጠፉብኝ። የባሕር ማዶዎቹ ቀጣሪዎች ስለ እኔ ሊጠይቁዎት ዛሬ ይደውላሉ። ብየዳ ቤታችን ከተዘጋ ወዲህ ሥራዬን የሚመሰክርልኝ ከእርስዎ በቀር ማን አለኝ?

ትናንት ስንጣላ ድርግም አድርጌ የዘጋሁት የክፍላችን በር ማጠፊያው ላልቶ ነበር፤ ጠዋት አጥብቄዋለሁ።
ሌላውን ጭቅጭቃችንን ይተዉት።

ግልፍተኛ ነው ቢሏቸውም እችለዋለሁ። መጨረሻ ላይ ግን «መልሰው ይቀጥሩታል ወይ?» ማለታቸው አይቀርም። «ሁለተኛ ካንተ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር አላድርም» ያሉኝን አልረሳሁም። ውሸት እንደማይሆንልዎትም አውቃለሁ።

ግን ያስቡት ጋሼ፤ ይሄም ካመለጠኝ መሄጃ የለኝም፣ እዚሁ አንድ ክፍል ውስጥ እንደተፋጠጥን መኖራችን ነው።

ከእኔ የሚገላገሉት «አዎ፣ መልሼ እቀጥረዋለሁ» ካሏቸው ብቻ ነው።