የሃያ ሰባቱ ቤቶች ተራ

አባዬ፣

ወንዶቹ በቃሬዛ ተሸክመው ከግቢ ካወጡህ ዓመት ከሰባት ወር ሆነ። እኔ የሸኘሁህ እስከ በሩ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ሴት አትሄድም ተባልኩ። መንገዱን አላየሁትም። ለዚህ ይሆናል እስከ ዛሬ ደባርቅ ያለህ የሚመስለኝ፤ ዝናብ ይዞህ፣ ጭነት ዘግይቶብህ። ይህን ለእማዬ ስነግራት «ተይ ልጄ፣ ሞት እኮ ደባርቅ አይደለም» አለችኝ። ሳቀች፣ አለቀሰችም። የትኛው እንደቀደመ እርግጠኛ አይደለሁም።

ስለ ቤት ልንገርህ። ሱቅህን ቀበሌ ወስዶት የሸማቾች ሱቅ ሆኗል። ስኳር መጣ ሲባል እማዬ ኩፖኗን ይዛ በገዛ ሱቋ ደጃፍ ትሰለፋለች፤ ከፊቷ ያሉት ሴቶች ያፍሩና «እርስዎ ይቅደሙ» ይሏታል፤ እሷ ደግሞ እምቢ ትላለች። ዳማዋን በቅሎ አዘዞ ላለው አጎቴ ሰጠነው። ከግቢ በወጣች ቁጥር ወደ ሰሜን ካልዞርኩ እያለች ታስቸግረዋለች አሉ። ሌላው እንዳለ ነው። አይ፣ እንዳለ እንኳ አይደለም፤ ግን ምን እንደምለው አላውቅም።

የምጽፍልህ የመንደሩን ተራ ስለጻፍክበት ደብተር ነው። ደብተሩ የለም። አቃጥዬዋለሁ። ልክ ሠርቼ ይሁን ተሳስቼ የምትነግረኝ አንተ ብቻ ነበርክ። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልንገርህ፣ አንተ የምታውቀውንም ጭምር፤ አሁን የማስታውሰውን «ልክ ነው» የሚለኝ ወረቀት የለምና።

ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ። በጥር የትምህርት ዕረፍት ይዘኸኝ ወጣህ። ሁለት ፈረንጆች፣ ባልና ሚስት፣ ተራራውን ሊያዩ መጥተው መንገድ የሚያውቅ ሲጠይቁ፣ አቡጀዲና ጨው ጭኖ ሃያ ዓመት የተመላለሰ ሰው አንተ ሆንክና አንተን አሳዩዋቸው። ከደባርቅ በላይ ስንወጣ ቃል አስተማርካቸው። መንገደኛ ሲመሽበት በማያውቀው ሰው ደጅ ቆሞ የሚለውን፣ «የመሸብን የእግዜር እንግዶች ነን» የሚለውን። አንተ ራስህ «የአላህ እንግዳ» ነበር የምትለው፤ ለእነሱ ግን እንደ አገሩ አስተማርካቸው። እየተሰናከሉ ተራራው ላይ እስካለው ወዳጅህ እስከ አያ ሞገስ ደጅ ድረስ ሲያጠኑት ሄዱ።

አያ ሞገስ ሲሰማቸው ከቤት እየሳቀ ወጣ። «ይግቡ እንጂ! እግዜር ዘንድሮ ምነው እንዲህ ነጭ ነጩን ላከብኝ?» በግ አረደ። የክርስቲያን ሥጋ ስለሆነ እኔና አንተ የተቆላ ባቄላ በላን፤ «የእንድሪስ ልጅ፣ ጥርስሽ እስኪረግፍ ብዪ» እያለ ያሾፍብኝ ነበር። ጠዋት ፈረንጁ ሊከፍል እጁን ሲዘረጋ አያ ሞገስ ሁለት እጁን ወደ ኋላው ደበቀ። «ምነው አያ እንድሪስ! ቤቴን ሆቴል አደረግኸው? በእግዜር ስም የገባ ሰው ይከፍላል?»

አንተ ሳቅህ። ጥሩ ነገር የሠራህ መስሎህ ነበር። መሰለህ እንጂ፣ ያቺ ቃል ከእጅህ አመለጠች። ፈረንጆቹ ጎንደር ሆቴል ውስጥ በወረቀት እየጻፉ ተቀባበሏት። የመጣ ሁሉ እሷን ይዞ ይወጣል፣ ደጅ ላይ ቆሞ ይላታል፤ ያንን የሰማ የሰሜን ሰው ደግሞ በሩን መዝጋትም ዋጋ መቀበልም አይችልም። ይህን አንተ ያወቅኸው ወይዘሮ ውዴ ቤት ስትደርስ ነው። ባሏ የሞተባት፣ ከመንደሩ ጫፍ ያለችው። የምትጥለውን ዶሮ ለመጡባት ፈረንጆች አርዳላቸው፣ አልጋዋን ለቃላቸው፣ ለዘር ያስቀመጠችውን ገብስ ፈጭታላቸው። እነሱም አመስግነው፣ ፎቶ አንስተዋት ሄዱ። ምን እንዳደረጉ እኮ አላወቁም። በዚያ ቀን ጫማህን ሳታወልቅ ገብተህ ተቀመጥክ። «እኔ ነኝ የበላሁባት» አልክ።

በመጋቢት የመንደሩ ሰዎች አያ ሞገስ ግቢ ተሰበሰቡ። እንጀራ አይሸጥም፣ እሺ። በቅሎ ማከራየት ግን ማንንም አሳፍሮ አያውቅም። እንግዳው ለበቅሎዋ ድካም ይክፈል፤ በቅሎ የሌለው ቤት ገብስና ሣር ያቅርብ፣ ሣር የሌለው መንገድ ይምራ፤ ለውዴም የዘር ገብስ ከሁሉም ይዋጣላት። ማንም ደጅ ቆሞ ያቺን ቃል አይበል፤ ፈረንጅ ከመጣ ባለ ተራው ራሱ ወርዶ ይቀበለው። ሃያ ሰባት ቤት እጣ ጣለ፣ ተራው ወጣ። አንተ በደብተር ጻፍከው።

ገጹን ለሁለት ከፍለኸው ነበር። በአንድ በኩል «እንግዳው ምን አየ»፣ በሌላው በኩል «ቤቱ ምን አገኘ»። ከጉዞ ስትመለስ እማዬ እግርህን በሞቀ ውኃ ስታጥብልህ ታነብልን ነበር። እንግዳው፦ ጭላዳ ዝንጀሮ ሣር ሲግጥ አየ፣ ግማሽ ቀን ቆሞ አየ። ቤቱ፦ ብርድ ልብስ፣ ለልጆቹ የዓይን ቅባት። እንግዳው፦ ፀሐይ ስትወጣ አለቀሰ፤ ምክንያቱን አልጠየቅነውም። ቤቱ፦ ምንም፤ ይቅርታ ተጠይቋል። ሁለቱ ጎን ካልሞላ መንገዱ ልክ አይደለም ትል ነበር። በእንግዳው ጎን ስሙንና አገሩን፣ ስንት ሌሊት እንዳደረም ትጽፍ ነበር። ያኔ ይህ ምን ክፋት አለው? ምንም።

ከዚያ መንግሥት ተለወጠ። የሚመጡት አነሱ፤ የመጡትም ፈቃድና አጃቢ ይዘው መጡ። ተራው ግን አልቆመም። አንድ ጊዜ ከውጭ አገር ደብዳቤ ደረሰ፣ ውስጡ ፎቶ። ከሃያ ሰባቱ አንዱ በፈረንጅ መሐል ቆሞ ይስቃል። የመንግሥት ሰዎች ሰውየውን ጠርተው «ይህን ከየት ታውቀዋለህ?» አሉት። በሳምንቱ ተመለሰ። ምን እንደሆነ ለማንም አልተናገረም፣ ላንተም። በደብተሩ ከስሙ ጎን «ተራውን ለቀቀ» ብለህ ጻፍክ። ምክንያት አልጻፍክም። ለመጀመሪያ ጊዜ ፈርተህ ነበር እንዴ? እንዴት ሳልጠይቅህ ቀረሁ?

አሁን ወደ እኔ ልምጣ። ታይፕ የምመታበት መሥሪያ ቤት አዲሱ ኃላፊ ጓድ መርሻ ይባላል። ድምፁን ከፍ አያደርግም። ባለፈው ወር ጠራኝና «አባትሽ በቅሎ አከራዮቹን ያደራጀበት ዝርዝር አለ ይባላል» አለኝ። ማኅበር ሊያቋቁም ነው። «ጎብኚው ተራራውን በፎቶ ይዞ ይሄዳል፣ የተራራው ሰው የሚቀርለት አቧራው ነው። ይህ መለወጥ አለበት» አለ።

አባዬ፣ ያንተ ቃል ነው። በሌላ ሰው አፍ ሰማሁት። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ አላለኝም። «አምጪው፣ በሦስት ኮፒ ትመቺዋለሽ» አለኝ። አንደኛው ኮፒ ለእኛ፣ ሁለተኛው ለመዝገብ ቤት። ሦስተኛው የት እንደሚሄድ ስድስት ዓመት ታይፕ ስመታ አላወቅሁም።

ክፉ ሰው ነው ማለቴ አይደለም። እማዬ ስትታመም ሳልጠይቀው ፈቃድ ሰጥቶኛል። ጥሩ ሰው ነው ማለቴም አይደለም። ፊቱን ስመለከተው ምንም አይጻፍበትም። እሺ አልኩና ሦስት ሳምንት «እየፈለግሁት ነው» እያልኩ ቆየሁ። ደብተሩ ከትራሴ ሥር ነበር።

ቅዳሜ አያ ሞገስ ለገበያ መጥቶ ወደ ቤት ጎራ አለ። ገና ሳይቀመጥ «አንቺ የእንድሪስ ልጅ፣ እሱን ቀበርን፤ ደብተሩን ደግሞ ምነው ቀበርሽው?» አለኝ። አንተ ከሄድክ ወዲህ ተራው ፈርሷል። በቅሎ ያለው ደባርቅ ወርዶ አውቶቡስ እየጠበቀ ይሻማል። «ሰው በክርን ተዋጋ። በቅሎዎቹ አፍረውብናል። ውዴ ከሰኔ ወዲህ አንድ እስር ሣር አላቀረበችም፤ ማን ይጠይቃታል?» ተራው ማን ጋ እንደቆመ እየተካካዱ ስለሆነ ደብተሩ ይምጣና ይዳኘን ተባብለዋል።

ስለ ስሞቹ የምፈራውን ነገርኩት። ሳቀብኝ። «ስማችንን ቄሱ ጽፎታል፣ ገበሬ ማኅበሩ ጽፎታል፣ ግብር ሰብሳቢው ጽፎታል። ያልጻፈን ሞት ነው፤ እሱም ብዕር ቢያጣ ነው።» እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ማንበብ አይችልምና የእሱን ቤት ገጽ አነበብኩለት፤ የእንግዳውን ጎን። ስም፣ አገር፣ አራት ሌሊት፣ በየት በኩል እንደወጡ፣ ምን ምን ፎቶ እንዳነሱ። ሳቁ ቆመ።

«ይህን ሁሉ ጻፈ?»

«ጻፈ።»

«ለምኑ?»

እንግዳውም ቤቱም መጠቀማቸው እንዲታይ ነው አልኩት። «ሸጋ ሐሳብ ነው» አለ። ወደ በሩ አየ። ዱላውን ከግድግዳው አስጠጋ። «በይ አንብቢልኝ። ተራውን ብቻ።»

ከቀትር እስከ ከሰዓቱ የአሱር ሶላት ድረስ አነበብኩለት። ዓይኑን ጨፍኖ፣ በጣቱ አንጓ እየቆጠረ፣ እንደ ዳዊት ተቀበለኝ። ሲሳሳት ከስሙ አይቀጥልም፣ ከመጀመሪያው ቤት ይነሣል። ተራውን ለቀቀ ያልከውን ሰው «እሱም ይግባ፣ ቢመለስስ?» ብሎ በቦታው አስገባው። በመጨረሻ ሃያ ሰባቱን ሳይሰናከል ጠራቸው። ተነሣና የእማዬን ትከሻ ስሞ ሄደ። ሰባ ዓመት አልፎታል አባዬ። በአውቶቡስ ነው የሄደው። ደብተሩ አሁን በአውቶቡስ ወደ ደባርቅ እየተንገጫገጨ ነው አልኩ።

እሑድ ጠዋት ወረቀቱን አንድ በአንድ ከሰል ላይ አደረግሁት። እማዬ መጥታ ቆመች። «የአባትሽ ጽሕፈት ነው?» «አዎ።» ከዚያ ጀበናውን ሳይሆን የሻይ ማንቆርቆሪያውን አመጣችና እሳቱ ላይ ጣደችው። ሻዩን ጠጣሁት። ምን ዓይነት ሰው ይህን ሻይ ይጠጣል?

ሰኞ ጓድ መርሻን ደብተሩ አልተገኘም አልኩት። በሩን ዘጋ። «እርግጠኛ ነሽ?» አለኝ። ነኝ አልኩ። «እንግዲያው ምቺ» አለና ቆሞ አስመታኝ፦ ተፈልጎ አልተገኘም። በሦስት ኮፒ። ሦስቱንም ፈረመ። ወረቀቱን ሲመልስልኝ ዝቅ ባለ ድምፅ «ማኅበሩ ግን ያስፈልጋቸው ነበር» አለ።

ከዚያ ወዲህ ይህችን አረፍተ ነገር እገለብጣታለሁ። ዋሽቼው እንደሆነ አውቆ ሸፈነልኝ? ወይስ አዘነ? ካዘነ የምር ነበር ማለት ነው፤ የምር ከነበረ አንተ ዕድሜህን ሙሉ የፈለግኸውን ሰው በሩ ላይ አቁሜ መለስኩት። የምር ካልነበረ ሃያ ሰባት ቤት አድኛለሁ። ሁለቱንም ያደረገው አንድ ክብሪት ነው። አንተ ሰውን በበቅሎ አያያዙ ታውቀው ነበር። ጓድ መርሻ ግን በቅሎ የለውም።

ለአያ ሞገስ ተራው ተመልሷል ወይ ብዬ ላክሁበት፤ መልስ አልመጣም። እስኪመጣ እኔም እይዘዋለሁ። ሳነብለት ሳላስበው አብሬው አጥንቼዋለሁ። ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ ከአንደኛው ቤት እጀምራለሁ። ችግሩ በየቀኑ አንድ ቤት ይጠፋብኛል፤ በየቀኑ ሌላ። ዛሬ የጠፋችብኝ ወይዘሮ ውዴ ነበረች። ውዴ! ሃያ ስድስት ሆነብኝና መሥሪያ ቤቱ በር ላይ ቆምኩ። ዘበኛው «ምነው እህቴ፣ የረሳሽው አለ?» አለኝ። አለ አልኩት። እስከ መንገዱ ጫፍ ተመልሼ ከአንደኛው ቤት ተነሣሁ። በአሥራ ዘጠነኛው ላይ መጣች።

ሰዓት አልፎብኝ ነበር። ይለፍ። ሃያ ሰባቱ ሳይገቡ እኔ አልገባም አባዬ፤ ነገም፣ ከነገ ወዲያም።

ልጅህ ዘይነባ