«ምንሽ ናት?»

እናትም እህትም ለሆንሽኝ ለእታለምዬ፦

እንዴት ከረምሽልኝ? ጉልበትሽስ ተሻለው? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ።

ልጅሽ አኮራችን! ትናንት ኮሌጃችን ልትገባ ለቃለ መጠይቅ ቀረበች። አዲስ ተማሪዎችን የምጠይቀው እኔ ብሆንም፣ ዘመድ ሲመጣ ወንበር መልቀቅ ደንባችን ነው። «ዘመዴ ናት» ብዬ ተነሳሁ። አለቃዬ «ምንሽ ናት?» ሲለኝ ምላሴ ተሳሰረ። እሷው ደረሰችልኝ፤ «አክስቴ እኮ ናት! ደስ ሲላት ቃል ያጥራታል» አለች። ሁሉም ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ።

ተቀበሏት፤ እልል በይ! እኔው ጋ ትኖራለች። አልጋዋን አንጥፌ ጨርሻለሁ። ግድግዳዬ ላይ ያለውን ፎቶ ብቻ አላወረድኩትም፤ ያኔ የማዋለጃው አልጋ ላይ ተኝቼ ታቅፌያት ያነሳሽንን። ይቆይ ወይስ ይውረድ? አንቺ ያልሽው ይሆናል።

ጉንጭሽን እስክስመው ሰላም ሁኚልኝ።

ታናሽሽ፣
የልጅሽ አክስት