ቁጣሽን ያልተፋሽበት ቀን

ውድ ዋኬሾ፣

«እንደምን ሰነበትሽ» ብዬ ልጀምር ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ ዝም ብዬ ከርሜ ዛሬ እንደምን ሰነበትሽ ማለት ግን ዓይንን በጨው መታጠብ ሆነብኝ። ስለዚህ ሰላምታውን ትቼ ዋናውን ነገር ላስቀድም። ያን ቀን ወረቀቱ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ታትሞ፣ ስልሳ አንድ ወላጅ ፈርሞበት፣ ለሁለት ታጥፎ ከጃንጥላዬ አጠገብ ተቀምጦ ነበር። «መብራት ጠፍቶ አልታተመም» ያልኩት ውሸቴን ነው። አንቺ ይህን ታውቂያለሽ፤ የመጀመሪያዋ ፈራሚ አንቺ ነሽ። እኔ ግን እስከ ዛሬ ላንቺ ብዬው አላውቅም።

ነገሩ የበር ነገር ነበር። ለማያውቅ ሰው ብነግረው ይስቅብኛል፤ ስልሳ አንድ ወላጅ ስለ አንድ የብረት በር! ዳይሬክተር ምዋሳሩ ልክ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ሲሆን ያን በር በገዛ እጃቸው ይቆልፉና ቁልፉን ኮት ኪሳቸው ይከቱታል። ከገበያው ሰፈር ለሚመጣ ልጅ ይህ ምንም አይደለም። ከኮረብታው በጉም ውስጥ መንገዱን እየዳሰሰ ለሚወርድ ልጅ ግን አምስት ደቂቃ አሳለፈ ማለት እስከ ጠዋቱ ሦስት ሰዓት ድረስ ውጭ ቆመ ማለት ነው፤ ሲገባም ጠጠር ላይ ይንበረከካል። ያንቺ ምጎይ ደግሞ ደረቷን የሚያማት ልጅ ነበረች። በዚያ በሐምሌ ካፊያ ሦስት ቀን ተከታትላ ውጭ ቆመች፤ በአራተኛው ቀን ትንፋሽ አጥሯት ሆስፒታል ገባች። የስምንተኛ ክፍል ተፈታኝ ሆና አሥራ ሁለት ቀን ተኛች።

ሰውዬው ክፉ ብቻ ቢሆኑ ይቀለን ነበር። እሳቸው ከመጡ ወዲህ ትምህርት ቤታችን በወረዳው አንደኛ መውጣት ጀመረ። ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ የፊት ወንበር ይለቀቅላቸዋል። «ልጅ ትንሽ ብርድ ቢመታው አይሞትም፤ ውጤት ያመጣል» እንባባል ነበር። እኔም ብያለሁ። የዚያን ጊዜ ቤታችን ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ስለነበር የኔን ዋውዳ ብርድ መቷት አያውቅም።

አንቺ ግን የቃጫ እርሻው ሚዛን ጸሐፊ ነበርሽ፤ ሳትመዝኚ አትናገሪም። ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ ወደ ሥራ ከመሄድሽ በፊት በሩ አጠገብ እየቆምሽ መዘገብሽ። ቀኑን፣ የልጁን ስም፣ ስንት ደቂቃ እንደዘገየ፣ በስንት ሰዓት እንደገባ። ከዚያ በኔ ፎቶ ኮፒ ቤት ሰበሰብሽን። አስታውሺው እስቲ፣ ወንበር ጠፍቶ ሰዉ የወረቀት ካርቶን ላይ ተቀምጦ ነበር።

«ስለ መኪናቸው የሚያወራ ይውጣልኝ» አልሽ። «ስለ ሚስታቸውም የሚያወራ ይውጣልኝ። የምንጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። እሱም በሩ ነው።»

«ቢቆጡንስ?» አለ የሚኒባስ ነጂው ንያምቡ።

«አንድ ሰው ከተናገረ አንዱን ይቆጡታል። ስልሳ ሰው ከቆመ ማንን ሊቆጡ ነው? ቅዳሜ በወላጆች ስብሰባ ላይ እኔ ስነሳ ሁላችሁም ተነሱ። ተናገሩ አላልኳችሁም፤ ቁሙ ብቻ።»

«አይ የምጎይ እናት! ድር ቢያብር አንበሳ ያስር!»

«አንተ መጀመሪያ ያን ቦርጭህን እሰርና ተነስ» አልሽው። ከሁሉም ይበልጥ የሳቀው እሱ ራሱ ነበር።

አቤቱታውን ያተምኩት እኔ ነኝ። የወላጆች ማኅበር ጸሐፊ ስለነበርኩ ፊርማው ሁሉ ያለበት ወረቀት እኔ ጋ ቀረ። በስብሰባው ዋዜማ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ዳይሬክተሩ የፈተና ሰሌዳ ሊያባዙ ወደ ሱቄ ገቡ።

«ዋውዳ የዘንድሮ ተፈታኝ ናት አይደል?» አሉኝ።

«አዎ መምህር።»

«ጎበዝ ልጅ ናት። የምትገባበትን ትምህርት ቤት ምርጫ የምሞላላት እኔ ነኝ። አስቤላታለሁ።»

ይህንን ብቻ ነው ያሉት። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም፤ አመስግነውኝም ወጡ። ወረቀቱ ጠረጴዛዬ ላይ፣ ከስቴፕለሩ ሥር ነበር። ይዩት አይዩት እስከ ዛሬ አላውቅም። እሳቸው እንደወጡ ግን አነሳሁና ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት፤ ልቤ የከዳሽ ያኔ ነው።

ቅዳሜ አዳራሹ ሞላ። እሳቸው አንድ ማሰሮ የሸንኮራ ጭማቂና ዋንጫ አስይዘው መጡ። «እኛ የኮረብታው ልጆች ነን» አሉ። «ቁጣ በሆዳችን ይዘን አንነጋገርም። አባባ ምዋዲሜ፣ እባክዎ ያስጀምሩን።» አባባ ምዋዲሜ ከአዛውንቶቻችን ሁሉ ትልቁ ናቸው፤ እምቢ የሚላቸው አልነበረም።

ወጉን አንቺ ከኔ የበለጠ ታውቂዋለሽ። የተቀያየመ ሰው ከዋንጫው ይጎነጫል፤ በጉንጩ የያዘውን ከነቁጣው እፍ ብሎ መሬት ላይ ይረጨዋል፤ ሰላም ይሁን ይላል። አንዴ የተፋ ሰው ቁጣውን መልሶ አያነሳም። ሳይተፋ የቀረ ደግሞ፣ መንደሩ ላይ ክፉ ነገር በወረደ ቁጥር ጣት የሚቀሰረው እሱ ላይ ነው። ዋንጫው ከወንበር ወንበር ሲዞር ሰዉ እፎይ ሲል ይሰማኝ ነበር። ፈርተን ስለነበር ጥሩ ምክንያት ሆነልን። ፓስተሩ እንኳ እንዲህ ያለውን ነገር ስለማይወዱ ወደ መስኮቱ ዞረው ዛፍ ያዩ ነበር፤ ዋንጫው ሲደርሳቸው ግን ተጎነጩ። እኔም ተጎነጨሁ፤ እኔም እፍ አልኩ። ከዚያ ላንቺ አቀበልኩሽ።

«እኔ አልጠጣም» አልሽ።

«ምነው የምጎይ እናት? ቁጣሽን ይዘሽ ልትቀመጪ ነው?» አሉ ዳይሬክተሩ በለሆሳስ።

«አዎ፣ ይዤ ልቀመጥ ነው። ቁጣ የሚተፋው ነገሩ ከተሰማ በኋላ ነው። መጀመሪያ ይስሙን፤ ከዚያ እንኳን ዋንጫውን ማሰሮውን እጨርስልዎታለሁ። አባባ ምዋዲሜ፣ ተሳሳትኩ እንዴ?»

አባባ ምዋዲሜ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ዘመኑ ተለውጧል ልጄ» አሉና ከዘራቸውን ያገላብጡ ጀመር። አለመሳሳትሽን ያውቁ ነበር። ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ያኔ ተነሳሽ። ካንቺ ሌላ የተነሳ ሰው የለም። ንያምቡ ስልኩን አውጥቶ ያይ ነበር። አንቺ ግን ወደ እኔ ዞረሽ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ፣ «ምሻይ፣ ወረቀቱን አንብቢልን» አልሽኝ።

«መብራት ጠፍቶ አልታተመም» አልኩ።

ዋኬሾ፣ በገዛ እጃቸው የፈረሙበት ስልሳ ሰዎች እዚያው ተቀምጠው ነበር። አንድ ሰው «ኧረ እኔ ፈርሜበታለሁ» ቢል ኖሮ እኔም እድን ነበር። ሁሉም እግር እግሩን አየ። አንቺ ግን አላጋለጥሽኝም። የልጆቹን ስም በቃልሽ መጥራት ጀመርሽ፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን። ስሙ የተጠራ ልጅ ወላጅ ሁሉ እንደ ጥፋተኛ አንገቱን ይደፋ ነበር። ስትጨርሺ ዳይሬክተሩ፣ «እኔ የሚታየኝ አንድ የተቆጣ ወላጅ ነው» አሉና ስብሰባውን ዘጉ። በቃለ ጉባኤው ላይ «ወላጆች በሙሉ ቁጣቸውን ተፍተው በሰላም ተለያይተዋል» ብዬ ጻፍኩ። የእጅ ጽሑፌ ያምራል ይሉኛል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አንቺ ኖረሽዋል። በሁለተኛው ሳምንት ነፋስ የአራተኛ ክፍልን ጣሪያ ገንጥሎ የአንድ ልጅ ክንድ ሰበረ። «ቁጣዋን ያልተፋች ሴት በመካከላችን እያለች ምን ይጠበቃል» ተባለ። ማን ጀመረው? አላውቅም። እኔ ግን ሲባል ሰምቼ ዝም አልኩ። ልጆቹ ከምጎይ ዴስክ እየተነሱ ሄዱ። እኔ አንቺን መንገድ ላይ ሳይሽ ተሻግሬ በማዶ አልፍ ነበር፤ አንድ ቀን ደግሞ ለመሻገር ስቸኩል ሞተር ሳይክል ሊገጨኝ ሲል «ምሻይ!» ብለሽ የጮህሽልኝ አንቺ ነሽ። ፈተናው ሁለት ወር ሲቀረው ፍራሻችሁን ፒክአፕ ላይ ጭናችሁ ወደ ቮይ ከተማ ወረዳችሁ። በሱቄ መጋረጃ ቀዳዳ አየኋችሁ። ምጎይ ዓመቱን እንደደገመች ኋላ ሰማሁ። ዋውዳ አለፈች። ምርጫውንም በደንብ ሞሉላት።

አሁን ደግሞ የባሰውን ልንገርሽ። የነቃሁት ስላንቺ አስቤ አይደለም። ባለፈው ዓመት ባሌ ከአባቱ በወረሰው መሬት ላይ ቤት ሠርተን ወደ ኮረብታው ወጣን። ትንሹ ልጄ ሪጋ ያን መንገድ በጉም መውረድ ጀመረ። አንድ ቀን ጉልበቱ ቆስሎ፣ ጠጠሩ ቆዳው ውስጥ ተሰክቶ መጣ። በመርፌ ሳወጣለት ስድስት ዓመት ያልተቆጣሁት ሴትዮ በአንዴ ተቆጣሁ። «አሁን ገባሽ?» ትይኝ ይሆናል። አዎ፣ የገባኝ በራሴ ልጅ ሲመጣ ነው።

ያንቺን መንገድ ተከተልኩ። በሩ አጠገብ ቆሜ ጻፍኩ። ስለ ሌላ ነገር የሚያወራን አስወጣሁ። ከትምህርት ቢሮ አንድ ኃላፊ ጋበዝን። ባለፈው ወር ስብሰባው ሲከፈት ዳይሬክተሩ ያንኑ ማሰሮ አስመጡ። ዋንጫው ሲደርሰኝ፣ «ቁጣ የሚተፋው ነገሩ ከተሰማ በኋላ ነው» ብዬ ተነሳሁ። ንያምቡ ተነሳ። ከኋላ ሁለት ሴቶች ተነሱ። ከዚያ የወንበሩ ድምፅ ብዙ ሆነ። ኃላፊው መዝገቤን አገላብጦ ዳይሬክተሩን በሁላችን ፊት ጠየቃቸው፤ በሩ እንዳይቆለፍ፣ የዘገየ ልጅ መጀመሪያ ክፍል እንዲገባ ተወሰነ። ሰውዬው አሁንም ዳይሬክተር ናቸው። ቁልፉ ግን ዘበኛው ጋ ነው።

«ምሻይ ጀግና!» ብለው አጨበጨቡልኝ። አላስቻለኝም። «ቃሉ የኔ አይደለም፣ የዋኬሾ ነው» አልኩ። የዚያን ጊዜ ወረቀቱ ቦርሳዬ ውስጥ እንደነበርም ተናገርኩ። ከአዲሶቹ እናቶች አንዷ፣ «ዋኬሾ ማናት?» ብላ ጎረቤቷን ጠየቀች። «ያቺ ቁጣዋን ያልተፋችው ናታ» አለቻት። ንያምቡ፣ «እኔም ፈርሜ ነበር» አለ፤ ሌሎቹም እየተነሱ ፈርመን ነበር አሉ። የያኔውን ቃለ ጉባኤም አስተካክለን ጻፍነው። ከዚያስ? «እንዴት ያለች ቅን ሴት ናት!» ብለው እንደገና አጨበጨቡልኝ። ባንቺ ውርደት ሁለት ጊዜ ተጨበጨበልኝ፣ ዋኬሾ። ቤቴ ገብቼ ራት መብላት አቃተኝ።

ዛሬ ጠዋት ልፈልግሽ ቮይ ወረድኩ። አንቺ ታቬታ እህትሽ ጋ ሄደሻል፤ ምጎይን የምትሠራበት መድኃኒት ቤት አገኘኋት። እንዴት አድጋለች! «እትዬ ምሻይ!» ብላ ከባንኮኒው ጀርባ ሮጣ ወጥታ አቀፈችኝ። ሻይና የቻፓቲ ቂጣ አስመጣችልኝ። ስለ ዋውዳ ጠየቀችኝ፤ ያለ ምንም ቂም።

«ያኔ ልጆቹ ሲርቁኝ፣ ‹እናትሽ አንድም ወዳጅ የላትም› ይሉኝ ነበር» አለችኝ። «እያለቀስኩ ስነግራት እናቴ ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ? ‹ምሻይ ነበረችልኝ፤ ያን ቀን መብራት ባይጠፋ ኖሮ ወረቀቱን ታነበው ነበር› አለችኝ። እኔ ደግሞ አመንኳት። በእውነት ጠፍቶ ነበር አይደል?»

ምን ልል ነበር የመጣሁት? ስልሳ ሰው ፊት ተናዝዤ የመጣሁ ሴትዮ ነኝ። ያቺ ልጅ ዓይን ዓይኔን ስታየኝ ግን፣ «አዎ የኔ ልጅ፣ ጠፍቶ ነበር» አልኳት።

በልጅሽ ዓይን አንድ ወዳጅ እንዲቀርልሽ ብለሽ ነው የዋሸሽው? ወይስ እኔን እንዳትጠላኝ? የትኛውም ቢሆን አይገባኝም ነበር። ይህን የምጽፈው ቮይ መናኸሪያ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። ይቅርታሽን አልለምንሽም፤ ስትመልሺልኝ ደግሞ «ያለፈው አለፈ» ብለሽ እንዳታቃልዪልኝ። አሁን ተነስቼ ወደ መድኃኒት ቤቱ እመለሳለሁ። ደብዳቤውን ለምጎይ የምሰጣት ፖስታውን ሳላሽገው ነው፤ እዚያው ፊቷ ቆሜ፣ «መጀመሪያ አንቺ አንብቢው» እላታለሁ።

ያን ቀን አጠገብሽ ተቀምጣ የነበረችው፣
ምሻይ